ከውጫሌ እስከ ባሕር ስንት ቀን ነው?

ውጫሌ ሲባል ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው አንድ ቁጥር ነው፤ 17። የተማሪ መጽሐፍም፣ የዓድዋ በዓል ንግግርም፣ የቴሌቪዥን ውይይትም እዚያው ቁጥር ላይ ይቆማሉ። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚያደርጉት ግንኙነት በጣሊያን መንግሥት አጋዥነት መጠቀም «ይቻላቸዋል» አለ። የጣሊያንኛው ቅጂ ደግሞ በዚያ በኩል ብቻ ሊገናኙ እንደተስማሙ ተደርጎ ተነበበ። ከአንድ ግሥ ጦርነት ተወለደ።

ታሪኩ እውነት ነው። ግን ውሉ 20 አንቀጾች ነበሩት። ዛሬ አገር ስለ ቀይ ባሕር ሲከራከር ሊነበብ የሚገባው ሌላው ቁጥር 3 ነው። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ወሰን ነው፤ ወሰኑም የሚጀምረው ከተራራ ወይም ከወንዝ ሳይሆን አራፋሊ ከምትባል የባሕር ዳር መንደር ነው። አሥራ ሰባተኛው በዓድዋ ተቀደደ። ሦስተኛው ግን መልኩን እየቀያየረ እስከ ዛሬ አለ።

አራፋሊ የት ናት? እዚያ ለመድረስስ ከውጫሌ ስንት ቀን ይፈጃል? የኢትዮጵያ የባሕር ታሪክ በዚህ ጥያቄ ቢጠና ብዙ የተድበሰበሰ ነገር ይጠራል።

*የባሕር ዳር አንድ ቀን*

በአውሮፓ አልጋ፣ ምድጃና የውኃ በርሜል የተገጠመለት መኪና አለ፤ ካምፐርቫን ይሉታል። ባለቤቱ የባሕሩን ዳር ይዞ ይነዳል፤ በመሸበት ያድራል፤ ሲነጋ ደግሞ ይቀጥላል። ቤቱ አብሮት ስለሚሄድ የቸኮለ የለም።

እንዲህ ያለ መኪና ከምጽዋ በጠዋት ተነስቶ ወደ ደቡብ ቢጓዝ ምን ያያል? መጀመሪያ ራሷን ምጽዋን ያያል። ኦቶማን ቱርኮች በ1549 ዓ.ም. ገደማ ይዘዋት ለሦስት መቶ ዓመታት አልለቀቋትም። ቀጥሎ ሕርጊጎ አለች፤ ቱርኮችን ወክለው ያስተዳድሩ የነበሩት ናይቦች መቀመጫ። የደጋው ነጋዴ ቀረጥ ሲከፍል የኖረው ለእነርሱ ነበር።

ከዚያ የዙላ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። ዳርቻው ላይ የአዱሊስ ፍርስራሽ አለ። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ የግሪክ መርከበኛ የጻፈው የጉዞ መምሪያ ከአዱሊስ እስከ ቆሎኤ የሦስት ቀን፣ ከዚያ እስከ አክሱም የአምስት ቀን መንገድ መሆኑን መዝግቧል። በአክሱም ዘመን «ባሕሩ ስንት ቀን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ስምንት ቀን ነበር ማለት ነው። የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ጨርቅና ወይን ጠጅ ይወጣል። አገሪቱ ከዓለም ጋር የምትነጋገረው በራሷ አፍ ነበር።

እዚያው ባሕረ ሰላጤ ላይ ከብዙ ዘመን በኋላ ሌላ እንግዳ አረፈ። በ1860 ዓ.ም. ጄኔራል ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ጦሩን ያወረደው በዙላ ነው። ከ13 ሺህ በላይ ወታደር፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የጭነት እንስሳ፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር። ከወደቡ ወደ ውስጥ አጭር የባቡር ሐዲድም ዘረጋ። ከዚያ ደጋውን ወጥቶ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ሚያዝያ 1860 ላይ ከአምባሰል ብዙም የማይርቀው መቅደላ ደረሰ። ከባሕሩ እስከ ወሎ ለአንድ ታጠቀ ሠራዊት ሦስት ወር ገደማ ፈጀ።

በባሕረ ሰላጤው ደቡብ ጫፍ አራፋሊ አለች። ከምጽዋ እስከ አራፋሊ ለመኪና አንድ ቀን አይሞላም። ግን ከአዱሊስ እስከ ናፒየር፣ ከኦቶማን እስከ ጣሊያን የኢትዮጵያን ዕጣ ከውጭ የነካው እጅ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚያች አንዲት የቀን መንገድ ውስጥ አልፏል።

*ቤቱን ተሸክሞ የሚዞር መንግሥት*

ደጋው ይህን ሁሉ እያየ ምን ያደርግ ነበር? ካምፐርቫኑ ለእርሱ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ቤታቸውን ተሸክመው የሚዞሩ ነበሩ። ከጎንደር በፊትም በኋላም ዋና ከተማ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ማለት ነበር። ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «ከተማ» የሚለው ቃል ከ«ከተመ» የመጣ ነው፤ ጦሩ የከተመበት ማለት። «ሠፈር»ም እንዲሁ ከ«ሠፈረ» ነው። ዛሬ ስለ ከተማና ስለ ሠፈር የሚያወራ ሰው ሳያውቀው ስለ ድንኳን ያወራል።

የሹመቱም ስም እንዲሁ ነው። ፊታውራሪ ከፊት ይሄዳል፤ ቀኝ አዝማች በቀኝ፣ ግራ አዝማች በግራ፤ ደጃዝማች በንጉሡ ደጅ። እነዚህ ሹመቶች የጉዞና የአሠፋፈር ካርታ ናቸው። ሠፈሩ ሲነሳ በሶው፣ ድርቆሹ፣ ቋንጣው፣ የጠጅ ጋኑ፣ የወፍጮው ድንጋይ፣ ታቦቱ ሳይቀር አብሮ ይነሳል። እህል ያለበት ሲደርስ ይሠፍራል፤ እህሉ ሲያልቅ ይለቃል። ያገሬው ገበሬ መንግሥትን የሚያውቀው መጥቶ በልቶት የሚሄድ እንግዳ አድርጎ ነበር።

ይህ የሚንቀሳቀስ ቤት ግን አንድ የማይደፍረው አቅጣጫ ነበረው፤ ቆላው። ከደጋው ጫፍ በታች ሙቀቱ፣ ወባው፣ የውኃ እጥረቱ፣ የከብት መኖው ማጣት ሠፈሩን ይበትነዋል። ስለዚህ ነገሥታቱ ባሕሩን በሩቁ ገዙት። የባሕሩን አውራጃ የሚያስተዳድረው ሹም «ባሕር ነጋሽ» ይባል ነበር፤ መቀመጫው ግን ደጋው ላይ ደባርዋ ነበር። ስሙ የባሕር፣ ቤቱ የተራራ። ባሕሩ ግብር የሚመጣበት በር እንጂ የሚኖሩበት ቤት አልሆነም። በሩ ላይ የማያድር ሰው ደግሞ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቀው ሲቆለፍበት ነው።

ይህን ቀድመው የተረዱት ዐፄ ቴዎድሮስ ይመስላሉ። ናፒየር ከባሕሩ መንገድ እየጠረገ ሲወጣ፣ እርሳቸው ከደብረ ታቦር በኩል ወደ መቅደላ መንገድ እየጠረጉ ሴባስቶፖል የተባለውን ግዙፍ መድፍ ያስጎትቱ ነበር። አንዱ ከባሕር፣ ሌላው ከውስጥ፤ ሁለቱም መንገድ ሠሪዎች። ያሸነፈው የባሕሩ ነበር።

*በወሎ ድንኳን ውስጥ*

ወደ ውጫሌ እንመለስ። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው ዐረፉ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ምኒልክ በአምባሰል ምድር ይስማ ንጉሥ በተባለው ሥፍራ ከኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ጋር ውሉን ተዋዋሉ። ገና ዘውድ አልጫኑም፤ በእንጦጦ የነገሡት በቀጣዩ ጥቅምት መጨረሻ ነው።

ጊዜው ክፉ ነበር። ከምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች መጣ የሚባለው የከብት በሽታ ወደ ደጋው ወጥቶ በሬዎችን ጨረሰ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብ ገባ። ከባሕሩ ወደ ደጋው ከናፒየርም ከጣሊያንም ፈጥኖ የተጓዘው ይህ በሽታ ነው። ከረኀቡ ሌላ በሰሜን የዐፄ ዮሐንስ ወገኖች አልገበሩም። ምኒልክ ጠመንጃ፣ እውቅናና ጊዜ ያስፈልጋቸው ነበር።

አንቶኔሊስ በየት መጣ? እርሱ የአሰብ መንገድ ሰው ነው። የጣሊያኑ የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በሚስዮናዊው ሳፔቶ አማካይነት አሰብ ላይ መሬት የገዛው በኅዳር 1862 ዓ.ም. ነው፤ የስዊዝ ቦይ በተከፈተበት በዚያው ወር። በ1874 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። አንቶኔሊ ከአሰብ ተነስቶ በአውሳ በኩል ሸዋ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ጋርም ስለ መንገዱ ተዋውሎ ነበር። የአፋርን ቆላ ያለ አፋር ፈቃድ ማለፍ እንደማይቻል ጣሊያኖች በሕይወት ዋጋ ተምረዋል፤ መንገዱን የሞከሩት ጁሊየቲና ቢያንኪ በዚያው ምድር ተገድለው ቀርተዋል።

ውሉ ውስጥ ምኒልክ ስለ ባሕር ምን አገኙ? ከምጽዋ የሚገባና የሚወጣ ሲራራ በኢትዮጵያ ግዛት የሚከፍለው አንድ ቀረጥ በዋጋው ላይ 8 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። የጦር መሣሪያ በምጽዋ በኩል ለእርሳቸው እንዲያልፍ ተፈቀደ። የደብረ ቢዘን ገዳም ከነንብረቱ የኢትዮጵያ እንዲሆን፣ ለጦር ሥራ ግን እንዳይውል ተጻፈ። በምላሹ ወሰኑ ከአራፋሊ ተነስቶ ሃላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን ለጣሊያን አስገባ።

እዚህ ላይ ምኒልክን «ባሕር ሸጡ» ብሎ መክሰስ በየማኅበራዊ ሚዲያው የተለመደ ነው። ክሱ ግን የቀን መቁጠሪያ አያይም። ምጽዋ በጥር 1877 ዓ.ም. በጣሊያን ተይዛለች፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ። ከዚያ ስምንት ወር ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 1876 ዓ.ም.፣ ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በዓድዋ ተዋውለው ነበር። ያ የሂወት ውል ጦር መሣሪያን ጨምሮ ማንኛውም ዕቃ በምጽዋ በነጻ እንዲያልፍ ቃል ገባ። ዐፄ ዮሐንስ የድርሻቸውን ፈጸሙ፤ በሱዳን የተከበቡትን የግብፅ ጦር ሠፈሮች ለማስለቀቅ ረዱ። እንግሊዝ ግን ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ምጽዋን ሲይዝ አልከለከለም። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ አንድ የጣሊያን ክፍለ ጦር ደመሰሱ፤ ወደቡ ግን አልተመለሰም።

ስለዚህ ምኒልክ ውጫሌ ላይ የተደራደሩት ስለ ሄደ በር ነው። ጥፋት ካለም በሩን መስጠታቸው ላይ ሳይሆን ወረቀቱን ማመናቸው ላይ ነው። የውሉ ቀለም ሳይደርቅ የጣሊያን ጦር ግንቦት ላይ ከረንን፣ ሐምሌ ላይ አስመራን ያዘ። ራስ መኮንን ሮም ሄደው መስከረም 1882 በተፈረመው ተጨማሪ ውል የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተገኘ፤ መያዣው የሐረር ጉምሩክ ሆነ። በዚያው ወረቀት ላይ ወሰኑ «አሁን በተያዘው ይዞታ» እንዲስተካከል የሚል ቃል ገባ። ወታደሩ በሄደ ቁጥር ወሰኑም አብሮ ሄደ። ታኅሣሥ 1882 ላይ ያ ሁሉ መሬት «ኤርትራ» የሚል የቅኝ ግዛት ስም ተሰጠው።

*ጥቂት የባሕር ዳር ነጥቦች*

ምኒልክ የገባቸው ቶሎ ነው። በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገራቸውን ወሰን ዘረዘሩ። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከየት ነው? አሁንም ከአራፋሊ። በዚያው ደብዳቤ የባሕሩን ዳርቻ ዛሬ በጦር ኃይል ለመመለስ እንደማይሹ፣ ነገር ግን የክርስቲያን መንግሥታት ዳርቻውን፣ ቢያንስ ጥቂት ነጥቦችን እንዲመልሱላቸው ተስፋ እንደሚያደርጉ ገለጹ።

ይህ ደብዳቤ ከ17ኛው አንቀጽ ያነሰ ቦታ ሊሰጠው አይገባም። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ጥያቄ ዛሬ ከሚጠየቀው ጋር በቃል እንኳ ይመሳሰላል። መልሱም ይታወቃል፤ ማንም ምንም አልመለሰም።

ዓድዋ መጣ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የ17ኛው አንቀጽ ነገር አበቃ። ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ፍጹም ነጻነት አጸደቀ። ባሕሩ ግን አልተነሳም። ሠራዊቱ ስንቁን ጨርሷል፤ አገሩ ከረኀብ ገና አላገገመም፤ ያ የሚንቀሳቀስ ቤት ከዚያ በላይ ሊንቀሳቀስ አልቻለም። ሐምሌ 1892 ዓ.ም. ወሰኑ መረብን፣ በለሳንና ሙናን ተከትሎ ተፈረመ። አራፋሊ ከወረቀቱ ላይ ወጣች። ዓለምን ያስደነቀ ድል ያገኘች አገር ከባሕሩ ከቀድሞው ይልቅ ርቃ ቆመች።

*መንገዱን ማን ሠራው?*

ከዚያ በኋላ ታሪኩ የመንገድ ታሪክ ይሆናል። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከጣሊያን ጋር የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ሲፈርሙ አንድ ስምምነት አብሮ ነበር፤ ከአሰብ እስከ ደሴ መንገድ እንዲሠራ፣ ኢትዮጵያም በአሰብ ነጻ የወደብ ክልል እንዲኖራት። ሐሳቡ ለወሎ የተቆረጠ ልብስ ይመስል ነበር። ግን አንዱ ወገን መንገዱ ወራሪ ያስገባብኛል ብሎ ይሰጋል፤ ሌላው ያንኑ ያስባል። እንደታቀደው አልተፈጸመም።

በ1928 ዓ.ም. ስጋቱ እውነት ሆነ። የጣሊያን ጦር ከሰሜን ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። ከዚያ ከ1,600 በላይ ተሽከርካሪዎች ተሰልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ቤቱን ተሸክሞ የሚጓዘው ሠራዊት በመጨረሻ በሞተር መጣ፤ የመጣው ግን ከባሕሩ ነበር። በወረራው ዓመታት ጣሊያኖች ከአስመራ በደሴ አዲስ አበባ፣ ከአሰብም ወደ ደሴ የመኪና መንገድ ሠሩ። ዛሬ በውጫሌ መሐል የሚያልፈው አስፋልት የዚያ የሰሜኑ መንገድ ልጅ ነው።

በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አሰብ የአዲስ አበባ ወደብ ሆነች። 880 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው መንገድ የአገሪቱ የደም ሥር ሆነ። በሶቪየት እርዳታ የነዳጅ ማጣሪያ ተሠራላት። ለወሎ ሰው አሰብ የሥራ አገር ነበረች። ከውጫሌ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ መኪና ሐይቅን አልፎ፣ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ደሴ ይገባል። ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ ባቲን ያልፋል፤ ሚሌ ላይ ቆላው ይቀበለዋል፤ ችግር ካልገጠመው በአንድ ረጅም ቀን ባሕሩን ያያል። ለአክሱም ነጋዴ ስምንት ቀን፣ ለናፒየር ሦስት ወር የፈጀው ነገር አንድ ቀን ሆነ። በኢትዮጵያ ታሪክ ባሕሩ ለተራው ሰው እንዲህ የቀረበበት ሌላ ዘመን የለም።

ያ ቅርበት ግን ከበስተጀርባው ዋጋ ነበረው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ሠላሳ ዓመት የፈጀው ጦርነት ቀጠለ። መንገዱ ሲሠራ የመንገዱ ዳር ሰዎች ፈቃድ አልተጠየቀም ነበር። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ድምፅ ሰጥተው ተለዩ። አሰብ ግን ወዲያው አልተዘጋም፤ ለአምስት ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ዕቃ እንደ ቀድሞው ገባ። በሩን የዘጋው የ1990ው ጦርነት ነው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዕለት፣ የሁለቱ አገር መሪዎች ቡሬ ላይ ድንበሩን ከፈቱ። ከአሰብ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የምትርቅ ቦታ ናት። ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ።

*የዛሬው ተንቀሳቃሽ ቤት*

ዛሬ የኢትዮጵያ ካምፐርቫን ተሳቢ የሚጎትተው ከባድ መኪና ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የአገሪቱ የገቢና ወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ሹፌሩ ከወንበሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ አልጋ ላይ ያድራል፤ ረዳቱ ሲሞቅ ከመኪናው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ይተኛል፤ ቡናቸውን መንገድ ዳር ያፈላሉ። ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ሊዝናኑ አይደለም፤ ስኳር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ሊያመጡ ነው። አገሪቱ ስለ ባሕር ስትከራከር የእነርሱ ድምፅ ብዙ አይሰማም። ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ጥበቃ ቀን፣ ስለ ኬላ፣ በመንገድ ላይ ስለሚጠፋ ሕይወት ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ ግን የለም።

የ2014ቱ ጦርነት በዚሁ በውጫሌ፣ በሐይቅና በደሴ መንገድ ወርዶ በዚሁ ወጥቷል። ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ በራሳችን ምድር ላይም ሊዘጋ እንደሚችል የአምባሰል ሰው ካየ ቆየ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የባሕር በር በወረቀት ብቻ አይገኝም፤ የሂወት ውልና የውጫሌ ውል ሁለቱም ነጻ መተላለፊያ ጽፈው ነበር። ሁለተኛ፣ በጦር ብቻም አይገኝም፤ ዶጋሊና ዓድዋ ሁለቱም ድል ነበሩ። ባሕሩ ለኢትዮጵያ በእውነት ቅርብ የሆነው መንገድ ሲኖር፣ ወደብ ሲሠራ፣ የመንገዱ ዳር ጎረቤትም አብሮ ሲጠቀም ነበር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል በሩ ይዘጋል። አንቶኔሊ እንኳ ሸዋ የገባው ከአውሳው ሱልጣን ጋር ተስማምቶ ነው።

በግእዝ «ሐይቅ» ማለት የውኃ ዳርቻም ማለት ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ በስማቸው የዚህ አካባቢ ናቸው፤ አንዱ አምባሰል፣ ሌላው ባቲ። አንዱ ደጋው ላይ፣ ሌላው ወደ ባሕር በሚወርደው መንገድ ላይ። ይህ ሕዝብ ወደ ዳርቻው የሚወስደውን መንገድ ያውቀዋል፤ ገበያውም፣ ግመሉም፣ ዜማውም በዚያው ሲመላለስ ኖሯል።

ስለዚህ ቀጣዩ የባሕር በር ክርክር ሲነሳ ባለሥልጣኑም፣ ተንታኙም፣ በየስልኩ የሚሟገተውም ሰው አንድ ቀላል ጥያቄ ይመልስ፦ ከውጫሌ የሚነሳ አንድ ነጋዴ ዕቃውን ጭኖ፣ ማንንም ሳይፈራ፣ ማንንም ሳያስፈራ ባሕሩ ዳር ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅበታል? በ1881 ዓ.ም. ድንኳን ውስጥ ያልተመለሰው ጥያቄ ይህ ነው፤ አሁንም አልተመለሰም።